ሺንኮቲግ ስትሄዱ የት ትረፉ? ማረፊያ የመምረጫ መመሪያ

ሜይ ሲገባ ስልኬ ላይ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ያቺ ፈረስ ያለባት ደሴት ስትሄዱ የት ነው የምታርፉት? እስቲ ሊንኩን ላኪልን።» ሊንክ ብቻ መላክ እንደማይጠቅም ደጋግሜ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው። ለእኛ የተመቸ ቤት ለእናንተ ላይመች ይችላል። እኛ ቀኑን በብስክሌት ነው የምናሳልፈው፤ እናንተ ምናልባት ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ) መኪና ላይ ጭናችሁ ትመጣላችሁ፣ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አብረዋችሁ አሉ።

ሺንኮቲግ ኢስተርን ሾር በሚባለው የቨርጂኒያ ክፍል ያለች፣ ሦስት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ጸጥ ያለች የደሴት ከተማ ናት። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። ትልልቅ ፎቅ ሆቴሎችና የሌሊት ጭፈራ የለባትም፤ የሚኬደው ለእግር መንገዱ፣ ለብስክሌቱ፣ ለወፎቹ፣ በአጎራባቹ ደሴት በነጻነት ለሚኖሩት ፈረሶችና ለባሕሩ ነው። ስለዚህ ማረፊያውንም የምንመርጠው ለዚያ እንዲመች አድርገን ነው።

ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ያዙ

- የተጓዦቹን ዝርዝር፣ ከነዕድሜያቸው። ደረጃ መውጣት የሚቸግረውን ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት።
- ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሳተላይት ምስል የሚያሳይ ካርታ።
- ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳይ የሺንኮቲግ ሰንጠረዥ። ኖኣ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም በነጻ ያወጣዋል።
- የቀን መቁጠሪያ፣ አጽዋማቱም የተጻፉበት።
- የምትጭኑትን ዕቃ ዝርዝር፦ ብስክሌት፣ ካያክ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ የበረዶ ሣጥን።
- ወረቀት። ሦስት ቤት ጎን ለጎን ጽፎ ካላወዳደሩ ፎቶው ያታልላል።

1. ሁለቱን ደሴቶች ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሺንኮቲግ ከተማዋ ያለችበት ደሴት ናት። ሞቴሉም፣ የሚከራየው ቤትም፣ ምግብ ቤቱም እዚያ ነው። ውቅያኖሱን የሚነካው ግን ሌላ ደሴት ነው፤ አሳቲግ ይባላል፤ 37 ማይል የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ማዶክስ ቡልቫርድ የሚባለው ጎዳና መጨረሻ ላይ ያለው አጭር ድልድይ ነው። የአሳቲግ የቨርጂኒያ ክፍል የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ ሆቴል የለበትም፤ ድንኳን ተክሎ ማደርም ክልክል ነው። እንግዲህ ሺንኮቲግ ውስጥ ከአልጋ ተነስቶ በባዶ እግር ውቅያኖስ የሚገባበት ቤት የለም ማለት ነው። ማስታወቂያው «ውኃ ዳር» ቢል አልዋሸም፤ ነገር ግን ከበረንዳው ፊት ያለው ውኃ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ወይም ረግረግ ነው። እይታው ያምራል፣ ልጅ ግን አይዋኝበትም።

ሌላው ነገር፣ አሳቲግ ሁለት በር አለው። አንዱ ይህ የሺንኮቲግ በር ነው። ሁለተኛው በሜሪላንድ በኩል፣ ከኦሽን ሲቲ አጠገብ ነው። በደሴቱ ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወደ ዋናው ምድር ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል መንዳት ግድ ነው። «አሳቲግ» ብሎ ፈልጎ ሜሪላንድ ውስጥ ማረፊያ ከፍሎ፣ ከዚያ ሺንኮቲግ ያሉ ጓደኞቹን በየቀኑ ሁለት ሰዓት እየነዳ የሚያገኝ ቤተሰብ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ አድራሻውን እዩ። ግሪንባክቪል፣ ሆርንታውን ወይም ኒው ቸርች የሚል ከሆነ ቤቱ ያለው ደሴቷ ላይ ሳይሆን በዋናው ምድር ነው። ዋጋው ቀነስ ይላል፤ ግን ጠዋት ጠዋት መኪና ማስነሳት አይቀርም። ለአንድ ሌሊት ችግር የለውም። ብስክሌት ለጫነ ሰው ግን አይሆንም።

አሁን ካርታውን ክፈቱና ከእያንዳንዱ ቤት እስከ አሳቲግ ድልድይ ያለውን ርቀት ለኩ። ወረቀታችሁ ላይ ከዋጋው በፊት ይህ ቁጥር ይጻፍ። ከድልድዩ እስከ ባሕሩ አሸዋ ደግሞ ወደ ሦስት ማይል አለ። ከቤት እስከ ድልድይ ከሁለት ማይል የማይበልጥ ከሆነ ልጆች ያለ ጭቅጭቅ በብስክሌት ደርሰው ይመለሳሉ። ደሴቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ማይል ያህል ስለምትረዝም «ሺንኮቲግ ውስጥ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

2. ጠዋታችሁ ምን እንደሚመስል ጻፉ

ማረፊያ የሚመረጠው ማታ ለመተኛት ይመስለናል። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ግን ጠዋት ከየት ነው የምነሣው የሚለው ይበልጣል። ጥብቅ ስፍራው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በፈረንጅ ሰዓት ከንጋቱ 5 ጀምሮ እስከ ማታ 10 ክፍት ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ነፋሱ ሳይነሣና መኪናው ሳይበዛ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው።

*በብስክሌትና በእግር ለምትሄዱ፦* በማዶክስ ቡልቫርድ የድልድዩ ጫፍ አካባቢ ፈልጉ። ጥብቅ ስፍራው ውስጥ 3.2 ማይል የሚሆን የሐይቅ ዙሪያ መንገድ አለ፤ መኪና የሚገባው ከሰዓት በኋላ ከ3 ጀምሮ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የእግረኛና የብስክሌት ነው። እኛ ከልጆቹ ጋር ከንጋቱ 6 ላይ ስንገባ ጉሙ ገና ከውኃው አልተነሣም ነበር፤ ነጫጭ ሳቢሳዎች በአንድ እግር ቆመው ነበር፤ የብስክሌቱ ጎማ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ትንሿ ልጄ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ደጋፊ ጎማ ረጅም መንገድ ነዳች። ከመኪና ነጻ የሆነ ሜዳማ መንገድ ስለሆነ እኔም አልተሳቀቅኩም። ደግሞም የመግቢያ ክፍያው ለመኪና ነው፤ በእግርና በብስክሌት የሚገባ አይጠየቅም። በመኪና የምትገቡ ከሆነ የፌደራል ፓርኮች ዓመታዊ ፓስ ካላችሁ እዚህም ይሠራል።

*ካያክ ላላችሁ፦* የራሱ የካያክ መውረጃ ወይም መትከያ (ውኃ ላይ የተሠራ የጀልባ ማሰሪያ መድረክ) ያለው ቤት ይሻላል። ግን «ባሕሩ ሲጎድል መትከያው ሥር ውኃ ይቀራል ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ረግረጉ አካባቢ ውኃው ሲወርድ ጭቃው ይወጣል፤ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበት መስጠም አለ። ከሰንጠረዡ ላይ በምትሄዱባቸው ቀናት ውኃው ስንት ሰዓት እንደሚሞላ እዩ። ጠዋት የሚጎድል ከሆነ በዚያ ቤት ለጠዋት የከፈላችሁት ገንዘብ ባከነ።

*ዓሣ ለምታጠምዱ፦* የዓሣ ማጠቢያ ጠረጴዛ ውጭ ላይ ያለው፣ ፍሪዘሩም ሰፊ የሆነ ቤት ፈልጉ። ብዙ አከራይ ዓሣ ወጥ ቤት ውስጥ እንዲጸዳ አይፈቅድም፤ ሽታው አይወጣም።

*ፀሐይ ስትገባ ማየት ለምትወዱ፦* ሜይን ስትሪት ያለው በምዕራብ በኩል፣ በሰርጡ ዳር ነው። የምሽቱ ብርሃን በዚያ ነው። ስትወጣ ለማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ በምሥራቅ፣ ወደ አሳቲግ የሚያይ ቤት።

*ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ቢች ብቻ ለምትውሉ፦* የቤቱ ቦታ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በበጋ (በአሜሪካ ሞቃቶቹ ወራት፣ ከጁን እስከ ኦገስት) ቅዳሜና እሑድ ግን የመኪና ማቆሚያው ስለሚሞላ በጊዜ መውጣት ያስፈልጋል። ቢቹ ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍም፣ ምግብ የሚሸጥ ሱቅም የለም። ምሳ ቤት ተመልሳችሁ የምትበሉ ከሆነ ቅርብ ቤት ያዙ።

3. ቀኑን ቀድማችሁ ቁረጡ

ቤት ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ቀኖች በቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቡ።

አብዛኛውን ጊዜ የጁላይ የመጨረሻ ረቡዕ ፈረሶቹ ከአሳቲግ ወደ ሺንኮቲግ በዋና የሚሻገሩበት ቀን ነው፤ በማግስቱ ጨረታ አለ። በዚያ ሳምንት ትንሿ ከተማ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሰው ትሞላለች፤ አልጋ ከዓመት በፊት ያልቃል። ያንን ለማየት ካልሆነ በቀር ጸጥታ ፈልጋችሁ በዚያ ሳምንት አትሂዱ። ዋሎፕስ የሚባለው የናሳ የሮኬት ማስወንጨፊያም ጎረቤት ስለሆነ ሮኬት በሚነሣበት ቀን አልጋ ሊጠፋ ይችላል።

በበጋው መካከል ብዙ የሚከራዩ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ለሙሉ ሳምንት ካልሆነ አይሰጡም። ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት በዚያ ወቅት ሞቴል ነው የሚያዋጣችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ ያሉት የሴፕቴምበር ሳምንታት ይሻላሉ፤ ውኃው ገና አልቀዘቀዘም፣ ሰው ቀንሷል፣ ሁለት ሌሊትም የሚያከራይ ይገኛል። በሜይ ውኃው ለመዋኘት ይቀዘቅዛል፣ ለብስክሌት ግን ግሩም ነው።

ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው። ከተማዋ የባሕር ምግብ ከተማ ናት፤ የጾም ምግብ በልቶ የሚጠገብበት ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። በዚያ ጊዜ የምትሄዱ ጾመኞች ወጥ ቤት የሌለው ክፍል አትያዙ። ሐላል ሥጋ ለሚፈልጉም ምክሩ ያው ነው፤ ከቤት ይዞ መሄድ ነው።

4. የማረፊያውን ዓይነት ምረጡ

ሞቴል ለአንድ ቤተሰብና ለአጭር ቆይታ ይመቻል። ብዙዎቹ ማዶክስ ቡልቫርድ ላይ ስለሆኑ ለድልድዩ ቅርብ ናቸው። ማይክሮዌቭና ትንሽ ፍሪጅ ይኖራቸዋል፤ ምድጃ ግን አትጠብቁ።

ሙሉ ቤት ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሲሆኑ ነው የሚያዋጣው። ወጡ ይሠራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ልጆቹ አብረው ያድራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ «8 ሰው» የሚል ቤት ውስጥ 13 ሆናችሁ አትግቡ። የደሴቷ አብዛኞቹ ቤቶች ፍሳሻቸው የሚገባው ግቢያቸው ውስጥ በተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ቁጥሩ የተወሰነው ለዚያም ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሽንት ቤቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያም የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሁሉም ከባሕር መጥቶ ሲታጠብ ነው። የወጥ ቅባትም ማጠቢያው ውስጥ አይደፋ፤ በቆርቆሮ አጠራቅማችሁ ጣሉት።

በከተማዋ ውስጥ የግል ካምፕ ግራውንዶች አሉ፤ ድንኳን መትከያም ትንንሽ የእንጨት ቤትም ያከራያሉ። ሙቅ ሻወር ስላላቸው ድንኳን ለማያውቁ ልጆች ጥሩ መለማመጃ ናቸው።

ውቅያኖሱን እየሰማችሁ ድንኳን ውስጥ ማደር ከሆነ ምኞታችሁ፣ ያ የሚገኘው በሜሪላንዱ በር ነው። የፌደራሉ ካምፕ ቦታ በቅድሚያ ይያዛል፤ የበጋ ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ስለሚያልቅ ከስድስት ወር በፊት ቦታው እንደተከፈተ መሞከር ነው። ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መብራት የለም። ለአሸዋ የሚሆን ረጅም የድንኳን ካስማ ያዙ፤ አጭሩን ነፋሱ ነቅሎት ይሄዳል። ምግብ ደግሞ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ፈረሶቹ ድንኳኖቹ መካከል ይዘዋወራሉ፤ የበረዶ ሣጥን መክፈትም ያውቃሉ።

5. ደረጃውን ቁጠሩ

እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣችበት ዓመት ያየሁት ነገር ነው ይህን እርምጃ ያስጻፈኝ። ቤቱ በፎቶ ላይ ያማረ፣ በረንዳው ሰፊ ነበር። ስንደርስ ቤቱ ከመሬት በላይ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ቆሟል፤ ወደ በሩ የሚወስደው ደረጃ አሥራ ሰባት ነው። እናቴ በአንድ እጇ መደገፊያውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ ስትወጣ በየአራት ደረጃው እያረፈች ነው። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ቀን ከበረንዳው አልወረደችም። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዚህ አያችኋለሁ» አለችን። ባሕሩን ለማሳየት አምጥተናት ሳትነካው ተመለሰች።

ቤቶቹ እንዲህ የሚሠሩት ባሕሩ በማዕበል ጊዜ ስለሚገባ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ቤት በሆነ ቁጥር ከፍ ብሎ የመሠራቱ ዕድል ይበዛል። ፎቶ ደግሞ የሚነሣው ከውስጥ ወይም ከሩቅ ነው። ስለዚህ፦

- የቤቱን ፊት ለፊት የሚያሳይ ፎቶ ከሌለ አከራዩን ጠይቁ። «ጥቂት ደረጃ አለው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ፤ ቁጥር ይንገራችሁ።
- መኝታና መታጠቢያ በመግቢያው ፎቅ ላይ አብረው መኖራቸውን እዩ። አዛውንት ሌሊት ደረጃ መውረድ የለባቸውም።
- ታዳጊ ሕፃን ካለ ለበረንዳውና ለደረጃው መዝጊያ መኖሩን ጠይቁ።
- መታጠቢያው ገንዳ ብቻ ነው ወይስ በቀላሉ የሚገቡበት ሻወር አለ? ጉልበት ለሚያመው ሰው ይህ ከአልጋው በላይ ነው።

እናቴ በሚቀጥለው ስትመጣ አሮጌ፣ ዝቅ ያለ፣ ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ትንሽ ቤት ያዝን። ፎቶው አይስብም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእኛ በፊት ተነሥታ ነጠላዋን ለብሳ ግቢው ውስጥ ትቀመጥ ነበር፤ ባሕሩም ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታለች።

6. ለውጭ ውሎ የሚያስፈልገውን ፈትሹ

አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥኑንና የአልጋውን መጠን ያያል። እኔ የማየው እነዚህን ነው።

*የውጭ ሻወር።* አሸዋና ጭቃ ከቤት ውጭ ካልቀረ ወለሉን ስትጠርጉ ትውላላችሁ፤ የቤቱም ቱቦ ይደፈናል። ይህ ከሁሉ ይቀድማል።

*ስክሪን (ነፍሳት የማያስገባ መረብ) ያለው በረንዳ።* ደሴቷ በረግረግ የተከበበች ስለሆነች በሞቃት ወራት ቢምቢው ብርቱ ነው፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ቀንና ሲመሻሽ። ስክሪን የሌለው በረንዳ ማታ ማንም አይቀመጥበትም። በበጋው መካከል ደግሞ የሚናከስ ዝንብ አለ። ከፎቶው ላይ ስክሪኑ ካልታየ የለም ብላችሁ ያዙት።

*የብስክሌት ማስቀመጫ።* ከቤቱ ሥር የሚቆለፍ ቦታ ካለ ጥሩ። የጨው አየር ሰንሰለቱን ስለሚያዝገው ሌሊት ውጭ ባያድር ይመረጣል።

*የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ።* ከሁለት ሌሊት በላይ ከሆነ ያስፈልጋል። አየሩ እርጥበት ስላለው ፎጣ ሰቅሎ በማደር አይደርቅም።

*ፍሪዘር።* በደሴቷ ላይ ሱፐርማርኬት አለ፤ እንጀራ ግን የሚሸጥ የለም። ዲሲ አጠገብ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ገዝታችሁ ነው የምትሄዱት። በዚያ እርጥበት እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፤ ግማሹን እያንዳንዱን በፕላስቲክ ለይታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ ለዚያ ቀን የምትበሉትን ብቻ ውጭ አስቀሩ።

*አንሶላና ፎጣ።* ሞቴል ይሰጣል። ብዙ የሚከራዩ ቤቶች ግን አይሰጡም፣ ወይም በተጨማሪ ክፍያ ነው። የባሕር ፎጣ ጭራሽ አይታሰብም።

7. ለአከራዩ አንድ መልእክት ጻፉ

በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኋላ ላይ አለመግባባት ቢፈጠር የተጻፈው ነው የሚረዳችሁ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ከመኪና ማቆሚያው እስከ መግቢያው በር ደረጃው ስንት ነው?
- ባሕሩ በጣም ሲሞላ መንገዱ ወይም መኪና ማቆሚያው ውኃ ይገባዋል? አዎ ካለ መኪናውን የት እናቁም?
- ስንት መኪና ይቆማል? የካያክ ተጎታች ቢኖርስ?
- የውጭ ሻወሩ በምንሄድበት ወር ይሠራል? በቀዝቃዛው ወቅት የሚዘጉት አሉ።
- አንሶላና ፎጣ ይካተታል?
- የመጨረሻው ጠቅላላ ዋጋ ከጽዳትና ከታክስ ጋር ስንት ነው?
- ማዕበል ቢመጣና ከከተማዋ ውጡ ብንባል ገንዘባችን ይመለሳል?

ጥንቃቄ፦ ቡና የምትቆሉ ከሆነ ቤት ውስጥ አትቁሉ። የጭስ አላርሙ ይጮኻል፤ ከአላርሙም በላይ ብዙ ውል ውስጥ «ማጨስ ክልክል» የሚለው የሽታ ማጽጃ ክፍያ የሚያስከትል ስለሆነ እጣኑንም ቡናውንም በዚያ ይቆጥሩታል። እኛ ቆልተን፣ አድቅቀን ይዘን እንሄዳለን። እዚያው መቁላት የፈለገ ጎማ ጫማ አድርጎ ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱና ከእንጨት በረንዳው ርቆ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ይቁላ፤ ይህንንም አስቀድሞ ለአከራዩ ይንገር። አላርሙን መንቀል ወይም በፕላስቲክ መሸፈን ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ልጆች የሚተኙበት ቤት ነው።

8. ዋጋውን በአንድ ሌሊት አስሉ፣ የስረዛ ደንቡን አንብቡ

መጀመሪያ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ጽዳቱን፣ የአገልግሎት ክፍያውንና ታክሱን ደምራችሁ ለሌሊቱ ብዛት አካፍሉ። የጽዳት ክፍያ አንድ ጊዜ ስለሆነ የሚከፈለው፣ ለሁለት ሌሊት ውድ የነበረው ቤት ለአራት ሌሊት ከሞቴል ሊረክስ ይችላል። ማዋጣት ያለባቸው ሰዎች ካሉ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ተሰብስቦ ይግባ፤ ወዳጅነት የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

የማዕበል ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። እኔ የምወደው ሴፕቴምበር የወቅቱ ብርቱ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚያ ወር የምትሄዱ ከሆነ የማይመለስ ክፍያ አትክፈሉ፣ ትንሽ ቢወደድም እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ሊሰረዝ የሚችለውን ያዙ።

9. ስትደርሱ ሻንጣ ሳታወርዱ ፈትሹ

አሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ስክሪኖቹ ቀዳዳ እንዳላቸው እዩ፤ ካለ በቴፕ ዝጉ። የውጭ ሻወሩን ክፈቱ። ፍሪዘሩ መቀዝቀዙን በእጅ አረጋግጡ፣ እንጀራው ከዚያ በኋላ ይግባ። የተሰበረ ነገር ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ወዲያው ለአከራዩ ላኩ፤ ስትወጡ ለእናንተ እንዳይቆጠር። ከዚያ ልጆቹን ሰብስባችሁ ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ ፈረስ አይነካም፣ አይመገብም፣ ቢያንስ 40 ጫማ ይራቃል፤ ይራገጣሉ፣ ይናከሳሉም። ከሣር ውስጥ ሲመለሱ መዥገር እንዳለባቸው ሁልጊዜ ማታ ይታያሉ፣ ከጉልበት ኋላ፣ ብብት ሥርና ፀጉር ውስጥ። ባሕር ውስጥ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ሞገድ ከያዛቸው አይታገሉትም፤ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ይዋኛሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ውሻ ይዞ መምጣት። ቤቱ ውሻ ይቀበል ይሆናል። የቨርጂኒያው አሳቲግ ግን ውሻ፣ መኪና ውስጥ እንኳ ሆኖ፣ አያስገባም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ቤት ሊቀር ነው።
- ጂፒኤስ ላይ «አሳቲግ» ብሎ መጻፍ። ወደ ሜሪላንዱ በር ሊወስዳችሁ ይችላል። የቤቱን ሙሉ አድራሻ ጻፉ።
- የፎቶውን ወር አለማየት። በቀዝቃዛው ወቅት የተነሣ ፎቶ ላይ ሣሩ ቢጫ፣ በረንዳው ባዶ ነው፤ ቢምቢውም የለም። ከሌሎች እንግዶች አስተያየት ውስጥ እናንተ በምትሄዱበት ወር የተጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ።
- መድኃኒት መርሳት። በደሴቷ ላይ ሆስፒታል የለም፤ ሆስፒታል ያለባት የሜሪላንዷ ከተማ ሳልስበሪ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የአስም መንፊያና የአለርጂ መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ይያዝ።
- ዓርብ ከሥራ በኋላ መነሣት። ከዲሲ ስትመጡ የምትሻገሩት ትልቁ ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ፣ በበጋ ዓርብ ከሰዓት ይዘጋጋል። እኛ ወይ ከቀትር በፊት እንነሣለን፣ ወይ ልጆቹን እራት አብልተን ማታ። ማታ የምትደርሱ ከሆነ የበሩን ኮድ አስቀድማችሁ ተቀበሉ፤ በትንንሽ ሞቴሎች የእንግዳ መቀበያው በጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል ደውላችሁ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥላችሁ ተነጋገሩ።